የእማዬ የታች ጥርስ ተሰበረ፣ ኢምፕላንት ላስጀምርላት? አስቸኳይ!

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። የእማዬ ተነቃይ ጥርስ የታችኛው ዛሬ ጠዋት ስታጥበው ከእጇ አምልጦ ሲንኩ ላይ ለሁለት ተሰበረ፣ 83 ዓመቷ ነው አሁን አጥሚት ብቻ ነው የምትጠጣው። ክሊኒኩ ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ተበስቶ የሚተከል ብሎን) ነው የሚሻላት አሉኝ፣ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜም ብሩን እልካለሁ አስጀምሩላት እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ ቅዳሜ ቀጠሮ አለን። ምን ትላላችሁ?

የመርካቶው፦ ሱፐር ግሉ 😂

ነርሷ፦ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ሳትጽፊ ምን እንበልሽ? እናንተ እኮ ሀኪም ፊትም እንዲሁ ናችሁ፣ ካልተጠየቃችሁ አትናገሩም።

ጠያቂ፦ ስኳር የለባትም። ለልቧ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛው)፣ ለአጥንት ደግሞ በሳምንት አንዴ የምትዋጥ ኪኒን፣ ሌላ ምንም።

ነርሷ፦ ምንም ትላለች ደግሞ! የሳምንቷ የአጥንት ኪኒን አሌንድሮኔት የምትባለው ከሆነች ዋናው ነገር እሷ ናት። መንጋጋ ሲበሳ ቁስሉ አልድን ብሎ አጥንቱ ሊሞት ይችላል፣ በኪኒን ብዙም አያጋጥምም ግን ለዓመታት ከወሰደችው ስጋቱ ይጨምራል። ዋርፋሪኑንም በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ የልብ ሀኪሟ ሳያውቅ እና አይ ኤን አር (የደም መርጋት ምርመራ) ሳይታይ ማንም እንዳይነካት።

አባ ቆሎ፦ ሱፐር ግሉ የምር ይሰራል፣ ፋዘር አጣብቆ ቆሎ ይቆረጥምበታል

ጥርስ ሠሪው፦ ኧረ ተዉ! ሙጫ የነካው ጠርዝ በኋላ አይገጥምልንም። እህቴ ስብርባሪውን በሙሉ ይዘሽ የጥርስ መሥሪያ ላብራቶሪ ያለው ክሊኒክ ሂጂ፣ አክሪሊክ (ፕላስቲክ) ነው፣ ከገጠመ ብዙ ጊዜ በዛው ቀን ይጠገናል።

ዲሲ፦ ኢምፕላንትን እንዲህ አታስፈራሩባት። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች እኮ ጥርስ ለሌለው የታች መንጋጋ መጀመሪያ የሚመረጠው ሁለት ኢምፕላንት ላይ የሚቆለፍ ተነቃይ ነው ብለዋል፣ የታችኛው እንደሆነ ሁሌም ይንሸራተታል።

የልጅ ልጅ፦ እሱ ለጠንካራ ሰው ነው፣ እጃቸው ጥርስ መያዝ ካቃተው ኢምፕላንቱን በየቀኑ ማን ይፈገፍግላቸዋል? ደሞ እማማ ራሳቸው ምን አሉ? ልጅና ወንድም ብቻ ነው የሚያወራው። ለአያቴ አዲስ አሠርተንላት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፣ በዛ ዕድሜ አዲስ መልመድ ከባድ ነው። የማይጠገን ከሆነ የአሮጌውን ቅርጽ ገልብጠው ይሥሩላቸው።

ጠያቂ፦ እሷማ "የድሮዬን መልሱልኝ" ነው የምትለው። ግን አንዲት ትንሽ ስባሪ ጠፍታለች ችግር አለው?

የመርካቶው፦ አጥሚቱ ውስጥ ፈልጊ

ጥርስ ሠሪው፦ ትንሽ ከሆነች እንሞላታለን። ብቻ እንዳይደርቅ ውሃ ውስጥ አድርጊው፣ ሙቅ ውሃ ግን እንዳይሆን ይጣመማል።