ለሰፈር ደኅንነት የተያዘ በጀት፦ ካሜራና ጥበቃ ይቅደም ወይስ መብራትና ጽዳት?

አወያይ፦
ጥያቄው ይህ ነው። አንድ የአካባቢ ምክር ቤት ለደኅንነት የያዘው ገንዘብ ለሁሉም አይበቃም እንበል። ካሜራ ይትከልና ፓትሮል ይጨምር? ወይስ ገንዘቡን ለመንገድ መብራት፣ ለቆሻሻ ማንሻ፣ ለተሰበረ የማንሆል ክዳንና ዳዋ ለበላው ባዶ ቦታ ያውለው? “ሁለቱም ያስፈልጋሉ” የሚለውን መልስ ለጊዜው እንተወው፤ የትኛው ይቅደም ነው የምለው።

የጥበቃ ባልደረባ፦
ካሜራና ፓትሮል ይቅደም ባይ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት በጥበቃ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ሌባ የሚፈራው መያዝን ነው። ሰፈሩ ሁሉ አድራጊውን እያወቀ ለምስክርነት ግን አንድም ሰው የማይቆምበት ጊዜ አለ፤ ሰው ቤተሰብ አለው፣ ይፈራል። ካሜራ አይፈራም። ስልኳን ተነጥቃ ለምታለቅስ ልጅ ቆሻሻው በሰዓቱ ተነስቷል ብላት ምን ይፈይድላታል?

የማታ ፈረቃ ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ እኔ በየማታው በእግሬ የምሄድበትን ልንገርህ። ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ አሥራ አንድ የመብራት ምሰሶ አልፋለሁ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ከጠፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። በሁለቱ መካከል ክዳኑ የተወሰደ ማንሆል አለ። ሰው እንዳይገባበት ብሎ አንድ ደግ ሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ሰክቶበት ነበር፤ አሁን ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ብቻ ቀርቷል፣ በጨለማ አይታይም። እዚያ ስደርስ የስልኬን መብራት ላብራ ወይስ ስልኬን ልደብቅ የሚለው በየቀኑ ያስጨንቀኛል። ባበራ ስልክ እንደያዝኩ ይታያል፣ ባላበራ ጉድጓዱ አለ።

እስካሁን ማንም አልነካኝም። ስለዚህ በማንም መዝገብ ላይ የለሁም። ግን የማታ ትምህርት ጀምሬ በዚህ መንገድ ምክንያት አቋርጫለሁ። ለሚመለከተው ቢሮ ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስቴም “ተመዝግቧል” ተባልኩ።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፦
እህታችን ያሉት በጥናትም የተፈተነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ዮርክ የሕዝብ መኖሪያ ግቢዎች ውስጥ ኃይለኛ መብራቶች በዕጣ ለተመረጡ ግቢዎች ተተከሉ። ከቤት ውጭ በሌሊት የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች 36 በመቶ ያህል ቀነሱ። በፊላደልፊያ ደግሞ 541 ባዶ ቦታዎችን በዕጣ ከፋፈሏቸው። ከፊሉን ከቆሻሻ አጸዱ፣ ሣርና ጥቂት ዛፍ ተከሉበት፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር አጠሩለት፤ ከፊሉን እንዳለ ተዉት። በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ድህነት በበረታባቸው ሰፈሮች የጠመንጃ ጥቃት 29 በመቶ ወረደ። አንድም ተጨማሪ ፖሊስ ሳይቀጠር ማለት ነው።

ፓትሮልን በተመለከተ በ1972 እና በ1973 በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የተደረገውን ሙከራ ላንሳ። በአንዳንድ ቀጠናዎች መደበኛው የፖሊስ ዙረት ቀረ፤ በሌሎች ደግሞ ሁለት ሦስት እጥፍ ሆነ። በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ነዋሪው ለውጥ መኖሩንም ልብ ያለው አይመስልም።

የጥበቃ ባልደረባ፦
እሱ እኮ ዝም ብሎ የመኪና ሽርሽር ነው! በቦታው የሚቆም ጥበቃ ሌላ ነው። የእርስዎኑ ዓይነት ጥናት እኔም ልጥቀስ። በ1989 በወጣ፣ በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ በተሠራ ጥናት ለፖሊስ ከሚደወለው ስልክ ግማሹ የሚመጣው ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነበር። ጥበቃ ሁሉም ቦታ ይዙር አላልኩም። እነዚያ ጥቂት ቦታዎች ላይ በርከት ብሎ ይቁም ነው የምለው።

የስታትስቲክስ መምህር፦
መብራት ደጋፊዎች ደስ የሚላቸውን ጥናት ብቻ እየመረጡ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ቺካጎ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጓሮ መንገዶችን አምፖል ከ90 ዋት ወደ 250 ዋት ከፍ አደረጉ፤ የተመዘገበው ወንጀል ግን 21 በመቶ ጨመረ። ምናልባት ሰው ማየት ስለቻለ ይበልጥ አመልክቶ ይሆናል፤ ቢሆንም ቀነሰ ማለት አይቻልም። በእንግሊዝና በዌልስ 62 የአካባቢ ምክር ቤቶች መብራት ሲቀንሱ፣ ከፊሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጭራሽ ሲያጠፋ፣ በ2015 የታተመው ጥናት ወንጀልም የመኪና አደጋም ጨመረ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም።

ካሜራውም እንደሚወራለት አይደለም። የ40 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ ያየው የ2019 ግምገማ ወንጀል በ13 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ቢያሳይም፣ የሚበዛው ውጤት የተገኘው በመኪና ማቆሚያዎች ነው። በአካል ጥቃት ላይ የጎላ ለውጥ አልተገኘም። ሰው ቁጭ ብሎ የሚከታተለው ካሜራ ደግሞ ዝም ብሎ ከሚቀዳው የተሻለ ሠርቷል። ማንም የማያየውን ካሜራ ለመግዛት የሚጣደፍ ምክር ቤት ገንዘቡን እያባከነ ነው።

የሦስት ልጆች አባት፦
እስካሁን ያልተነሳ ነገር አለ። “የሰፈር ደኅንነት” ሲባል መጀመሪያ የሚባረሩት ማዕዘን ላይ የሚቆሙ ወጣቶችና መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚሸጡ እናቶች ናቸው። በ1982 “የተሰበረ መስኮት” የሚል ሐሳብ ወጣ፤ አንድ መስኮት ተሰብሮ ሳይጠገን ከቀረ ጠባቂ የለውም ተብሎ ሌላውም ይሰበራል የሚል። መስኮቱን መጠገን ነበር ቀላሉ። ብዙ ከተሞች ግን መስኮቱን ትተው በጥቃቅን ጥፋት ሰው ማሰር ያዙ። የበኩር ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ በሩ ላይ ቆሞ ከጓደኞቹ ጋር ያወራል። ጥፋቱ ይህ ከሆነ ጥበቃ የተባለው ለማን ነው?

የጥበቃ ባልደረባ፦
ይህን አልክድም። ያላጠፋ ልጅ ሲፈተሽ አይቻለሁ፤ አንዴ እኔም ፈትሼ ተጸጽቻለሁ።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፦
መምህሩ ስለ መብራት ያሉት ልክ ነው፣ ለስሜቴ አድልቼ ነበር። ግን ከኒው ዮርክና ከፊላደልፊያ አንድ የጋራ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ የተተከለው ነገር ክትትል ነበረው። የፊላደልፊያው ሣር በየጊዜው ይታጨዳል፣ ቆሻሻው ይነሳል። የምክር ቤት ችግር ደግሞ ተክሎ መመረቁን እንጂ መንከባከቡን አለማወቁ ነው። ለአዲስ ምሰሶ በጀት ይገኛል፣ ለአምፖል መቀየሪያ አይገኝም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የ1998ቱ የወንጀልና የሥርዓት አልበኝነት ሕግ፣ አንቀጽ 17፣ የአካባቢ አስተዳደር የትኛውንም ሥራ ሲሠራ በወንጀል ላይ የሚኖረውን ውጤት እንዲያስብ ያስገድዳል። በዚህ ዓይን ሲታይ የቆሻሻ መኪናው ፕሮግራምም፣ የአምፖል ግዢውም የደኅንነት ሥራ ነው፤ የፖሊስ ብቻ ነው ተብሎ አይገፋም።

የማታ ፈረቃ ሠራተኛ፦
መምህሩ ወንጀል ቀነሰ አልቀነሰ ብለው ይለካሉ፣ መብታቸው ነው። እኔ ግን የጠየቅሁት ወንጀል እንዲቀንስልኝ ብቻ አይደለም። ጉድጓዱን አይቼ እንዳልፍ ነው። አሥራ አንዱም ምሰሶ ላይ ቁጥር ይጻፍ፤ ሲጠፋ ቁጥሩን እደውላለሁ። በስንት ቀን እንደሚጠገን ይነገረኝ። ያ ቀን ሲያልፍ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ስሙ በይፋ ይለጠፍ። “ተመዝግቧል” ያሉኝ ቢሮ ውስጥ መዝገቡን የሚከፍት ሰው ከሌለ ካሜራውንስ ማን ያየዋል?

የጥበቃ ባልደረባ፦
እህቴ፣ ይህቺኛዋ መለሰችኝ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ይብሩ፣ ጉድጓዱም ይከደን፤ እሱ ይቅደም። እዚያ ማዕዘን ላይ በምሽት የሚቆም አንድ ሰው ያስፈልጋል የሚለውን ግን አልተውም፤ መብራቱ ከበራ በኋላ እንከራከርበታለን።