ለኤምቲዜድ 80 ትራክተር የቱን ኩላንት ልግዛ?

የፎገራ አራሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትራክተሩ ኤምቲዜድ 80 ነው፣ ሞተሩ ዲ-240። እስካሁን የሚሠራው በውሃ ብቻ ነው፤ እሱም ከጣና ዳር በጀሪካን እየተቀዳ የሚመጣ። አሁን ራዲያተሩ ሊታጠብ ስለሆነ በዚያው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ልሞላበት አስቤያለሁ። ባሕር ዳር መለዋወጫ ሱቅ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ አለ። አንዱ ሻጭ «ለናፍጣ ቀዩ ነው» አለኝ፤ ሌላው «እዚህ አገር በረዶ የለ፣ ውሃ ይበቃሃል» አለኝ። ማንን ልስማ? ስንት ሊትርስ ልያዝ?

ቁልፍ 17፦
ሁለቱንም አትስማ። ቀለሙ አምራቹ ደስ ያለውን የሚጨምርበት ነው፣ ስለ ውስጡ ምንም አይነግርህም። ጀሪካኑን አዙረህ ጀርባውን አንብብ። «ኤኤስቲኤም ዲ 3306» የሚል የጥራት ደረጃ ቁጥር ብቻ ካለው ለቤት መኪና ነው። አንተ የምትፈልገው «ዲ 6210» የሚለውን ነው፣ ለከባድ ናፍጣ የተሠራውን። «ዲ 4985» የሚለው መከላከያ ኬሚካሉ ለብቻው ተገዝቶ ይጨመርበታል፤ ያንን ካላገኘህ እሱንም ተወው።

ልዩነቱ ዋጋ ብቻ እንዳይመስልህ። የዲ-240 ላይነር (ፒስተኑ የሚመላለስበት የብረት ቱቦ) ጀርባውን ውሃው በቀጥታ የሚነካው ነው። ናፍጣው በተቀጣጠለ ቁጥር ላይነሩ ይርገበገባል፤ ከጀርባው ያለው ውሃ ለቅጽበት ሲሸሽ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ተመልሶ ሲጨፈለቅ ብረቱን ይመታዋል። ይህ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ላይነሩ ሲወጣ ጀርባው በአንድ ጎኑ በኩል በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። አንዷ ቀዳዳ ከዘለቀች ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባና የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ነገር ታያለህ። የከባድ ናፍጣ ኩላንት ላይነሩ ላይ ስስ ሽፋን እየሠራ ምቱን ይቀበልለታል። ባዶ ውሃ ይህ የለውም።

ጥቁር ውሃ፦
የበረዶውን ነገር እኔ ልመልስ። ኩላንት «አንቲፍሪዝ» (በረዶ መከላከያ) መባሉ ነው ሰው የሚያሳስተው። እኛ ጋ የሚያስቸግረው መፍላቱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ካለቀ ሞተርህም ድስት ሆነ ማለት ነው፤ የሙቀት ጌጁ ቀይ ሳይነካ ይንተከተካል። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ቢሆን ባዶ ውሃ እንኳ እስከ 115 ገደማ ይታገሣል፣ ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ ኩላንት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ክዳን ስትለውጥ ግን የሞተርህ መጽሐፍ የሚለውን ግፊት እንጂ የበለጠውን አትግዛ፤ ያረጀ ራዲያተር ብየዳው ይለቃል።

የጣናውን ውሃ አቁም። ከርብና ከጉማራ የሚገባው ደለል፣ የእምቦጩ ብስባሽ፣ ሁሉም ራዲያተሩ ታች ተጋግሮ ይቀመጣል። የጉድጓድም ጨው አለው። ለመበጥበጫ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሻላል። ስትገዛ ግን «አሲድ አይደለም?» ብለህ ጠይቅ፤ ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጡት። ካጣህ የክረምት ዝናብ፣ ጣራው በደንብ ከታጠበ በኋላ የተጠራቀመው፣ ከጉድጓዱ በብዙ ይሻላል።

የፎገራ አራሽ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በውሃ ያልተበጠበጠውን ነው ወይስ ተበጥብጦ የተዘጋጀውን የምገዛው? አምስት ሊትር አረንጓዴ ቤት ውስጥ አለ፣ ከአዲሱ ጋር ብቀላቅለውስ?

ቁልፍ 17፦
አትቀላቅል። ኬሚካላቸው የተለያየ ከሆነ የአንዱ መከላከያ የሌላውን ያዳክማል፣ አንዳንዴም እንደ አጥሚት ወፍሮ ቱቦ ይዘጋል።

ያልተበጠበጠውን ግዛ፤ ምክንያቱ ይኸው። የዲ-240 ጠቅላላ ይዞታ 19 ሊትር አካባቢ ነው። አጥበህ ስታፈስ ሞተሩ ውስጥ የሚቀር ውሃ አለ፣ 3 ሊትር ነው እንበል። የተዘጋጀ ግማሽ በግማሽ ብትሞላ የሚገባው 16 ሊትር ነው፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ ኩላንት 8 ሊትር፣ ከ19ኙ 42 በመቶ ይሆናል። ያልተበጠበጠ ከሆነ ግን መጀመሪያ 9.5 ሊትር ትጨምራለህ፣ የቀረውን በተጣራ ውሃ ትሞላለህ፣ ልክ 50 ይመጣል። ለጥንቃቄ ብለህ ደግሞ ከ60 በመቶ አታሳልፍ፤ ኩላንት ከውሃ ያነሰ ሙቀት ነው የሚሸከመው፣ ብታበዛው ራሱ ያሞቅሃል።

ሲፈስ ከራዲያተሩ ታች ብቻ ሳይሆን ከሞኖብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) ጎን ያለውንም ማፍሰሻ ክፈት። ደለል ደፍኖት አልፈስ ካለ በሽቦ ውጋው። ሞተሩ ለብ ሲል እንጂ ትኩስ እያለ አይሁን፤ ትኩስ ሞኖብሎክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ብረት ይሰነጥቃል። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ደጋግመህ እጠብ። ስትሞላ ቀስ ብለህ፣ ከዚያ ክዳኑን ሳትገጥም አስነስተህ ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው) እስኪከፍት ጠብቅ፤ አየሩ ሲወጣ ደረጃው ዝቅ ይላል፣ ያኔ ጨምር። ከአፉ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገህ ተው፣ ሲሞቅ ይነፋል።

ጥቁር ውሃ፦
አንድ ልጨምር። ሩዝ ሲወቃ ገለባውና አቧራው የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናል፣ ያኔ የፈለግከውን ኩላንት ብትሞላ ይግላል። ንፋሱን ከቬንትሌተሩ (ከማራገቢያው) በኩል ወደ ፊት ንፋ፤ ከፊት ከነፋህ ወደ ውስጥ ትጠቀጥቀዋለህ። ቺንጋውም (የቬንትሌተሩ ቀበቶ) እንዳልላላ በአውራ ጣትህ ተጭነህ እይ።

የሚፈሰውን አሮጌ ኩላንት ደግሞ በሳፋ ተቀበል። ጣፋጭ ነው፣ ከብትም ውሻም ይልሰዋል፣ ኩላሊት ይገድላል። ቦይ ውስጥ አትድፋው።