ቱሉ ጉዶ ደሴት (ዝዋይ ሐይቅ) የሄደ ሰው አለ? ለጉብኝትም ለሥራም አስበነው ነበር

የደሴት ናፋቂ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ለኅዳር አገር ቤት ልንመጣ ትኬት ቆርጠናል። ባለቤቴ ልጅ ሆኖ ሁለት ክረምት ዝዋይ ዘመድ ጋ አሳልፏል፣ እስከ ዛሬ ስለ ሐይቁ ማውራት አይሰለቸውም። አሁን ጭራሽ ሐሳቡ አድጎ፣ ቱሉ ጉዶ የሚባለው ደሴት ላይ አምስት ስድስት ክፍል ያለው ማረፊያ እንክፈት እያለኝ ነው። እኔ ደሴቱን በዓይኔ አላየሁትም። ኢንተርኔት ላይ ያለው አንዱ ከአንዱ የገለበጠው ሦስት መስመር ነው፣ እሱም ታቦተ ጽዮን እዚያ ቆይታለች ስለሚባለው ብቻ ነው የሚያወራው። እና እባካችሁ የምታውቁ፦ እንዴት ነው የሚደረሰው? የ70 ዓመት እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ብሄድ ይሆናል? ማደርስ ይቻላል? መሬት ገዝቶ መሥራት ይቻላል ወይ? ሁለታችንም ዜግነታችን አሜሪካዊ ነው። አታሳስቁብኝ፣ እውነቱን ንገሩኝ።

የባቱ ልጅ፦
እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። ስሙን ልንገርሽ መጀመሪያ። ከተማው አሁን ባቱ ነው የሚባለው፣ ሐይቁንም ደንበል የሚለው ብዙ ነው፣ ግን ለሹፌር ዝዋይ ብትዪውም አይጠፋውም። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዳማው ፈጣን መንገድ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ደግሞ በመቂ አድርጎ ባቱ የሚደርሰው ሌላ ፈጣን መንገድ አለ። ድሮ በጭነት መኪና ኋላ ስንጎተት የምንውልበት መንገድ ተረስቷል። ብቻ በዚያው ሳምንት የመንገዱን ሰላም ለሚያውቅ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ የወር ወሬ ይዛችሁ አትነሱ።

ባቱ ላይ እደሩ። ይሄን እንደ ትእዛዝ ውሰጂው። ምክንያቱም ጀልባ የሚነሳው ጠዋት ነው፣ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ስትደርሱ ቀኑ ሄዷል። ሐይቁ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንደ መስታወት ነው፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ዘጠኝ ሜትር እንኳን በቅጡ ያልሞላ ጥልቀት ነው ብለው የሚንቁት አሉ፣ ማዕበሉ ግን ጀልባ ይገለብጣል። በሞተር ጀልባ ቱሉ ጉዶ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከአምስቱ የሐይቁ ደሴቶች ትልቁ እሱ ነው፣ ለባቱም ሩቅ ነው።

ዋጋ አልነግርሽም፣ ዛሬ ብነግርሽ ኅዳር ላይ ትስቂብኛለሽ። ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ተጨራረሱ፦ ደርሶ መልስ ነው? እዚያ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ነዳጁ በማን ነው? ይሄን ሳይጠይቅ የተሳፈረ ሰው ሲመለስ ወደቡ ላይ ሲጨቃጨቅ ነው የማየው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለሁሉም ሰው ካልተገኘ ደግሞ አትሳፈሩ፣ ልጆች ይዛችኋል።

አስጎብኚ ነበርኩ፦
የባቱ ልጅ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ እናትሽ ነው። ደሴቱ ተራራ ነው፣ ስሙም በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ እንደማለት ነው። ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችው ከፍታው ላይ ነው። ጉልበታቸው ደህና ከሆነ ቀስ እያሉ ይወጣሉ፣ ዱላና ውኃ ይያዙ፣ ፀሐዩ ቀልድ አይደለም። ካልሆነላቸው ወደ ባቱ ቀረብ ያሉት ትናንሾቹ ደሴቶች አሉ፣ ደብረ ሲናና ገሊላን የመሰሉ፤ ወፍም በሽ ነው። አባ ኮዳና ፔሊካን ለማየትማ ጀልባም አያስፈልግ፣ ዓሣ የሚራገፍበት ዳርቻ መቆም ይበቃል።

ገዳሙ ጋ ሲደረስ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይደረጋል። ብራና መጻሕፍት አሏቸው። ለማየት ፈቃድ ይጠየቃል፣ ለፎቶ ደግሞ ለብቻው ይጠየቃል። ታሪኩ እንደሚባለው በ10ኛው ክፍለ ዘመን በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ 70 ዓመት ቆይታለች። ስንት ቱሪስት «ማስረጃው የታለ?» እያለ አባቶችን ሲያፋጥጥ አይቻለሁ። አትጠይቁ። ትውፊት ነው፣ ሲነግሩሽ ቁጭ ብለሽ ስሚ፣ አነጋገራቸው ራሱ የሄድሽበትን ያህል ነው።

ሐይቁ ውስጥ ማንም እንዳይዋኝ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ኅዳር ደግሞ የወባ ጊዜ ነው፣ ቦታው 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነውና ከአዲስ አበባ ጋር አታወዳድሩት። ሐኪም አማክራችሁ መድኃኒት ይዛችሁ ኑ።

የዛይ ልጅ፦
ደሴቱ ላይ ተወልጄ፣ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። «የማይታወቅ ደሴት» ሲባል ትንሽ ይከነክነኛል። እኛ እናውቀው ነበር እኮ።

እህቴ፣ ከማረፊያው በፊት እነማን እንደሚኖሩበት ላውራሽ። እኛ ዛይ ነን። ቋንቋችን ሴማዊ ነው፣ ለስልጤና ለሐረሪ ይቀርባል፣ ኦሮምኛና አማርኛም እንናገራለን። አያቶቻችን ከአክሱም መጣን ይላሉ፣ ከፊሉ ደግሞ በግራኝ ጊዜ ከሸዋ ሸሽቶ የገባ ነው ይላል። ይሁንና ለዘመናት ከውኃው መሃል ኖረዋል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ገደሉን በድንጋይ እርከን እየሠሩ አርሰዋል። ስትወጪ ልብ ብለሽ እዪው፣ ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀና ብሎ ሲሄድ እርከኑን ረግጦት ያልፋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው፣ አንድ በአንድ በእጅ የተደረደረ ድንጋይ። ከእርሻው ሌላ ዓሣና ሽመና ነበር።

አሁን ከደሴቱ ውጪ የሚኖረው ዛይ ይበዛል። ባቱ፣ መቂ፣ የሐይቁ ዳር ዳር ወጥቷል። ለምን? መሬት ጠበበ፣ ዓሣ ቀነሰ፣ ሰው ሲታመም ሌሊት ጀልባ ያስፈልጋል። የመጨረሻዋን ያዢልኝ። እናቴ ወንድሜን ልትወልድ ስትል ነፋሱ እስኪበርድ ከመሸ ጀምሮ እስከ ንጋት ዳር ላይ ተቀምጠን ጠብቀናል። እና ባለቤትሽ ክፍል ልሥራ ሲል፣ ክፍል አይደለም የጎደለን ልለው እፈልጋለሁ። በቀጠሮ የሚነሳ፣ ደህና ሞተር ያለው ጀልባ ነው። እንግዳም በሱ ይመጣል፣ በሽተኛም በሱ ይወጣል።

ማደርን በተመለከተ ሆቴል ጠብቃችሁ አትሂዱ። ድንኳን ይዞ፣ ሽማግሌዎቹንና ገዳሙን አስፈቅዶ ማደር ነው የሚሻለው። ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ።

ወረቀት አልወድም፦
ስሜን አትዩ፣ ሥራዬ ወረቀት ነው። መሬቱን እኔ ልንገርሽ።

መሬት መግዛት የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ይሄ ደሴትም ላይ ያው ነው። «አንድ ገበሬ ሊሸጥልን ነው» የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጉ። ከመንግሥት በሊዝ ወይም በኪራይ ይወሰዳል፣ ወይም ባለይዞታው በሕግ በተወሰነ ጊዜና መጠን ያከራያል፣ እሱም ወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይመዘገባል። ያልተመዘገበ ውል ይዞ ቤት የሚሠራ ሰው በአሸዋ ላይ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛ፣ ዜግነታችሁ። በአዋጅ 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን (ቢጫ ካርዱን) አውጡ። ለምን አትዪኝም? ያለ እሱ የውጭ ባለሀብት ናችሁ። በኢንቨስትመንት አዋጁ (1180/2012) የውጭ ባለሀብት ብቻውን ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር ደግሞ 150,000 ዶላር ማምጣት አለበት። ይባስ ብሎ ኮከብ የሌለው ማረፊያ፣ ፔንሲዮንና የእንግዳ ቤት ለአገር ውስጥ ባለሀብት የተተወ ሥራ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልቆጠር ማለት ይችላል። አምስት ክፍል ልትከፍቱ ከሆነ መንገዳችሁ ይሄ ብቻ ነው።

ሐይቅ ዳር ስለሆነ ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሊጠየቅ ይችላል (አዋጅ 299/1995)። መጸዳጃው ወዴት እንደሚሄድ ከመጀመሪያው አስቡበት። ሰዉ የሚጠጣው ከዚያው ሐይቅ ነው።

ዓሣ ያከሰረው፦
እኔ ደግሞ የምክር ብር የከፈልኩ ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከደሴቶቹ ዓሣ ሰብስበን አዲስ አበባ ልናደርስ ተነሳን። ወረቀት ላይ አሪፍ ነበር። በረዶ አልነበረንም እንጂ። በረዶ ከከተማ ገዝተን በጀልባ ስንወስድ ግማሹ ይቀልጣል፣ ስንመለስ ነፋስ ያስቆመናል፣ ቆሮሶው ወደብ ሲደርስ ዓይኑ ደፍርሷል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ገዢያችን ስልክ ማንሳት ተወ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጓደኞቼም ተዉ።

ደግሞ ዓሣው ራሱ እንደ ድሮው አይደለም። ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ዙሪያውን አትክልት የሚያጠጣው፣ አበባ እርሻው፣ ከተማው ሁሉ ከሱ ነው የሚቀዳው፣ መረቡም እየጠበበ ጫጩቱን ጭምር ያወጣል። ባለቤትህ ሽህ ጊዜ ያወራልሽ የልጅነቱ ዓሣ አሁን በዚያ ልክ የለም። (ባለቤትሽ ለማለት ነው፣ በስልክ ነው የምጽፈው።)

የኔ ሐሳብ? ደሴቱን እርሱት፣ ባቱ ዳር ሥሩ። መብራቱም ውኃውም መንገዱም እዚያ ነው።

የዛይ ልጅ፦
ወንድሜ ከስረሃልና አዝናለሁ፣ ግን ሁሉም ባቱ ዳር ከሠራ ደሴቱ ላይ የሚቀረው ቤተ ክርስቲያኑና ሽማግሌው ብቻ ነው። ባቱ ዳር ያለው ማረፊያ እንግዳውን ለሦስት ሰዓት ይልክልናል፣ ፎቶ ያነሳና ይመለሳል፣ አንድ ብር አይወርድም። ቢያንስ ምሳው በደሴቱ ሴቶች ይሠራ፣ መሪው የደሴቱ ልጅ ይሁን። እሱን ለማድረግ መሬትም አያስፈልግ።

ዓሣ ያከሰረው፦
ምሳውን እቀበላለሁ። በረዶ አይፈልግም።

የደሴት ናፋቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አንብቤለት አኩርፏል። ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም ቀን ብንሄድስ?

አስጎብኚ ነበርኩ፦
ድምቀቱ ልዩ ነው፣ ግን ጀልባው በሰው ይጨናነቃል። ከልጆች ጋር ከሆነ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም በሉ። ከልክ በላይ የጫነ ጀልባ ላይ ታቦት ቢኖርም አትሳፈሩ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የደሴት ናፋቂ፦
ተመልሰን መጣን፣ ቃል በገባሁት መሠረት ልንገራችሁ። ኅዳር 18 ሄድን። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን፣ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር፣ ጉማሬ በሩቁ አየን፣ ትንሹ ልጄ ጆሮውን ብቻ ነው ያየሁት ብሎ እስካሁን ቅር ብሎታል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማንም ሳይደግፋት ላይ ድረስ ወጣች። እርከኑ ላይ ድንጋይ ተደግፎ የተቀመጠው ባለቤቴ ነው። ከተቀመጠበት አንድ አባት መጥተው አወሩት፣ እኛ ስንወርድ እሳቸው አሁንም ድንጋዩን እያሳዩት ነበር።

ምሳ አንዲት እናት ሠሩልን፣ ዓሣ በበርበሬ። ከፈልናቸው፣ መጀመሪያ እንግዳ አይከፍልም ብለው እምቢ አሉ። ስንመለስ 7 ሰዓት ሆኖ ነበርና ነፋሱ አገኘን። ጀልባ ነጂው ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋበት። እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ፣ እናቴ ቆሎ እየበላች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ስለ ክፍል አንድ ቃል አላወጣም። ማታ ማታ የሞተር ዋጋ ነው የሚያየው። ቢጫ ካርዱን ጀምረናል፣ ከዛይ ልጅ ጋርም በውስጥ እያወራን ነው፣ የሚሆነው ከደሴቱ ልጆች ጋር በጋራ ከሆነ ብቻ ነው ብሎናል፣ ተስማምተናል። አሁን ጥያቄው፦ ለ12 ሰው ጀልባ ስንት የፈረስ ጉልበት ሞተር ይበቃል? ከዚህ ጭነን እንምጣ ወይስ እዚያው ይገዛ?

የባቱ ልጅ፦
ለሐይቁ ነፋስ 40 ይሻላል፣ በ15 ምላሹን ታለቅሳላችሁ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ባቱ ላይ ጠጋኙ የትኛውን ዓይነት እንደሚፈታ ጠይቁት። መለዋወጫው የማይገኝ ሞተር ይዛችሁ ብትመጡ ወደቡ ላይ ዶሮ ነው የሚያድርበት፣ እንደዚያ የሆኑ ሁለት አውቃለሁ። ነገ ሄጄ ራሴ እጠይቅላችኋለሁ።