ውሻዬ «ሰላም በይ» ስትባል የፊት እግሯን እንድትሰጥ እንዴት ላስተምራት?

የቡቺ ባለቤት፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ቡቺ የምትባል የሰባት ወር የአገራችን ዝርያ ውሻ አለችኝ። «ቁጭ በይ» ስትባል መቀመጥን ተምራለች፤ አሁን «ሰላም በይ» ስላት እግሯን አንሥታ መዳፌ ላይ እንድታሳርፍ እየሞከርሁ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እግሯን በእጄ እያነሣሁ ቃሉን ብደጋግምላትም፣ እግሯን ከመንጠቅና ፊቷን ከማዞር በቀር ለውጥ አላየሁባትም። ልጆቼም እኔን አይተው እግሯን መጎተት ስለ ጀመሩ ሲቀርቧት ትሸሻለች፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

ከኮተቤ፦
ስሕተቱ እግሯን እርስዎ ማንሣትዎ ላይ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ የእንስሳትን እግር ይዞ ድርጊቱን ማስፈጸም እንደማያስተምራቸው፣ የሚማሩት ራሳቸው ሞክረው ውጤቱን ሲያገኙ እንደ ሆነ አሳይቷል። ፊቷን ማዞሯም እምቢተኝነት ሳይሆን «እባክሽ ተዪኝ» የምትልበት ቋንቋዋ ነው።

ስለዚህ ለጥቂት ቀናት እግሯን ፈጽሞ አይንኩ። ከዚያም ከምግብ ሰዓቷ በፊት ቁጭ አድርገዋት፣ ትንሽ ቁራሽ ምግብ በጡጫዎ ጨብጠው በደረቷ ትይዩ ዝቅ አድርገው ይያዙላት። መጀመሪያ ታሸታለች፣ ትልሳለች፣ በአፍንጫዋ ትገፋለች፤ ዝም ብለው ይጠብቁ። ሲሰለቻት እግሯን ታነሣለች፤ እግሯ እጅዎን በነካበት ቅጽበት «ጎበዝ» ብለው ጡጫዎን ይክፈቱላት። ምስጋናው ሁለትና ሦስት ሰከንድ ከዘገየ፣ እግሯን ወደ መሬት በመመለሷ የተመሰገነች ሊመስላት ይችላል። ያለማመንታት ማንሣት ስትጀምር ባዶ መዳፍዎን ዘርግተው ሽልማቱን በሌላው እጅዎ ይስጧት፤ «ሰላም በይ» የሚለውን ቃል የሚጨምሩትም ያን ጊዜ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይበቃታል።

ሦስት ውሾች ያሳደግሁ፦
በቤታችን ዋናው እንቅፋት ቋንቋችን ነበር። ሴት ውሻችንን እኔ «ቁጭ በይ» ስላት ባለቤቴ «ቁጭ በል»፣ ሠራተኛችን ደግሞ «ተቀመጪ» ትላት ስለ ነበር፣ ለእኛ አንድ የሆነው ትእዛዝ ለእርሷ ሦስት የተለያየ ድምፅ ሆኖባት ግራ ተጋብታ ኖራለች። ቤተ ሰቡ በአንድ ቃል ይስማማ፤ ከቃሉ ጋር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የእጅ ምልክት ካሳያችኋት ደግሞ ውሻ ከድምፅ ይልቅ እንቅስቃሴን በቀላሉ ስለምታስተውል ትምህርቱ ይፈጥናል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ስለ ሽልማቱ ምግብ አደራ ልበላችሁ። ሽንኩርት ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ስለሚጎዳ ወጥ የነካው ሥጋ አይሰጣት። ጥሬ ጉበትና ሳንባም እንዲሁ፤ በበግና በከብት ሆድ ዕቃ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚፈጥረው ትል ውሻዋ አንጀት ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ጋር ወጥቶ ሰውን ይይዛል፤ ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ። በደንብ የተቀቀለ ጉበት በጥፍር መጠን ተቆራርጦ ቢሰጣት እጅግ ጥሩ ነው፤ በጾም ወራት ሥጋ ከቤት ሲጠፋ ያለ ጨው የተቀቀለ ካሮት ወይም ድንች ይተካል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ካልወሰደች ግን ከሁሉም በፊት እርሱ ይቅደም።

የቡቺ ባለቤት፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክትባቷን ወስዳለች። እንደ መከራችሁኝ ባደረግሁ በአራተኛው ቀን እግሯን በራሷ አነሣች፤ ዛሬ በዐሥረኛው ቀን ታናሽ ልጄ መዳፉን ዘርግቶ ዝም ብሎ ሲጠብቃት እርሷ መጥታ እግሯን ሰጠችው። በረንዳው ላይ የምትሠራውን በር አካባቢ ስጠይቃት ግን ፈጽሞ የማታውቀው ይመስላል።

ከኮተቤ፦
እሰይ! በሩ አካባቢ የሚሆነውም የተለመደ ነገር ነው፤ ውሻ አንድ ቦታ የተማረችውን ሌላ ቦታ ወስዳ ወዲያው አትሠራበትም። መንገደኛ በማይበዛበት ሰዓት በሩ ዘንድ ከጡጫው ጀምረው እንደ አዲስ ያስተምሯት፤ ከመጀመሪያው ይልቅ በፍጥነት ትይዘዋለች።