ግርጌዋ የበሰበሰ ካክተስ በክረምት ተቆርጣ ትድናለች?
የምኖረው በደብረ ማርቆስ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከችግኝ ሻጭ የገዛኋት፣ የቡና ስኒ የምታህል ማሚላሪያ የተባለች ካክተስ አለችኝ፤ አጥር የምናጥርበት ቁልቋል ሳትሆን፣ መገኛዋ ሜክሲኮ የሆነች፣ ሐምራዊ አበቦቿን አናቷ ላይ እንደ አክሊል የምትደረድር ናት። ባለፈው መጋቢት ወር 11 አበባ አውጥታ ነበር።

እስከ ግንቦት አፈሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ፣ በ15 ቀን አንድ ጊዜ አጠጣት ነበር። ክረምቱ ሲገባ ማጠጣቱን ባቆምም፣ ከበረንዳው ስላላነሣኋት የሐምሌ ዝናብ በነፋስ እየተገፋ ደረሰባት። ማሰሮዋ ከታች የተበሳ ሸክላ ቢሆንም፣ የሞላሁት ከጓሮ የቆፈርኩትን ቀይ አፈር ብቻ ነበር፤ ዋናው ጥፋቴ ይህ ይመስለኛል።

ነሐሴ መባቻ ላይ ግርጌዋን በጣቴ ስጫነው እንደ ተቀቀለ ድንች ለስልሶ ቡናማ ውሃ አወጣ። ነቅዬ የጠቆሩትን ሥሮች ቆረጥኩና፣ ግማሹ የወንዝ አሸዋ በሆነ አፈር ወዲያውኑ መልሼ ተከልኳት። ከ10 ቀን በኋላ ግን ልስላሴው አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ወጥቷል፤ የላይኛው ክፍል አሁንም አረንጓዴና ጠንካራ ነው።

ጤነኛውን ክፍል ቆርጬ ዳግም ሥር እንዲያወጣ ብፈልግ፣ በዚህ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ቁስሉን ስንት ቀን ቤት ውስጥ ካደረቅሁት በኋላ ነው አሸዋ ላይ ማስቀመጥ ያለብኝ?