የእድሩ ካራ በእጅ ይሳል ወይስ በመሣሪያ?

የእድሩ ጸሐፊ፦ ለገና ቅርጫ የእድራችን ካራዎች ዶልዱመው አሳፈሩን። ጅማት ላይ ሲደርሱ ይንሸራተታሉ። አንድ አባል ማዕዘን ጠብቆ የሚስል መሣሪያ በእድሩ ገንዘብ ይገዛ ብሏል። ቢላዋው ይታሰራል፤ ድንጋዩ ዘንግ ላይ ሆኖ በተመረጠው ማዕዘን ይመላለሳል። ምን ትላላችሁ?

ሉካንዳው፦ ደብረ ብርሃን ላይ 20 ዓመት ሥጋ ስቆርጥ ዲግሪ ለክቼ አላውቅም። ድንጋይ፣ ውኃ፣ እጅ። በቃ።

የጠባሴው፦ ጋሼ፣ እርስዎማ ይችሉበታል። በቅርጫ ቀን የሚስለው ግን ተራ የደረሰው ነው። አንዱ ወደ 15 ያጋድመዋል፣ ሌላው ወደ 30 ያቆመዋል። ስለቱን በየበዓሉ እንደ አዲስ እንጀምራለን። መሣሪያው በየጎኑ 20 ላይ ከተስተካከለ ማንም ቢይዘው ያው ነው።

ሉካንዳው፦ ያቺ ሚጢጢ መያዣ 30 ሳንቲ ሜትር ካራ ልትይዝ? መሃሉን ብታስር ጫፉ ይርገበገባል። ደግሞ ዘንጉ በራቀ ቁጥር ማዕዘኑ ይቀየራል።

የብረት ቤቱ ልጅ፦ ጋሼ፣ ካሉት ግማሹ ልክ ነው። ይርገበገባል። ረጅም ካራ ሁለት ሦስቴ ተፈትቶ መታሰር አለበት፤ ያኔ አያያዙ ትንሽ ከተዛነፈ ማዕዘኑም ይዛነፋል። ቀጥ ባለው ስለት ላይ ግን ዘንጉ ስለራቀ ብቻ ማዕዘኑ አይቀየርም። የሚቀየረው ወደ ጫፉ፣ ስለቱ የሚጎብጥበት ቦታ ላይ ነው። ካላመናችሁኝ ስለቱን ማርከር ቀቡትና ሁለቴ ሳሉት። ቀለሙ የለቀቀበትን ማየት ነው። (እኔ የገባኝ የእናቴን ቢላዋ አበላሽቼ ነው። እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።)

እትዬ፦ ቆይ፣ አምና ካራውን ግራይንደር ላይ ያስያዘው ማነው? ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ግሎ ነበር እኮ! እንዲያ የለሰለሰ ስለት በእጅም ተሳለ በመሣሪያ አይቆይም።

የጠባሴው፦ እሱን እንለፈው እትዬ።

እትዬ፦ አሃ! አንተ ነህ!

የእድሩ ጸሐፊ፦ የእኔን ልናገር። ይገዛ፣ ግን የተበላሸውን ማዕዘን አንዴ ለማስተካከል። ከዚያ ወዲያ ጫፉንም ሆነ የየበዓሉን ስለት ጋሼ በድንጋይ ይያዙልን።

ሉካንዳው፦ ብሩ ለመሣሪያ፣ ድካሙ ለእኔ! ይልቅ ልጁ የራሱን መሣሪያ ቅዳሜ ያምጣ። አንዱን ካራ እሱ፣ አንዱን እኔ እንሳል።

የብረት ቤቱ ልጅ፦ እሺ ጋሼ። በወረቀት እንሞክረዋለን።

ሉካንዳው፦ ካራ በወረቀት? የመንዝ በግ ይምጣ እንጂ!

የእድሩ ጸሐፊ፦ በጉን ማን ሊገዛ?