አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፕ፦ መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ደብተር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሱቃችን ላፕቶፕ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ተጭኖበታል። ሲገዛ ግን ሆም የተባለው ሌላው የዊንዶውስ ዓይነት ነበር። አክቲቬት የተደረገው በክራክ (ያለ ላይሰንስ በሚያሠራ ሕገወጥ ፕሮግራም) ነው። የሂሳብ ፋይል ሊገባበት ነው፣ ፍላሽም ይመላለስበታል። ከምን ልጀምር? ሌላ አንቲቫይረስ ልጨምርበት?

ከርነል፦
አንቲቫይረሱ ይቆይ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈት፤ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ማኔጅ ሴቲንግስን ተጫንና ወደ ታች ኤክስክሉዥንስ (ሳይፈተሹ የሚታለፉ ቦታዎች ዝርዝር) ድረስ ውረድ። አንተ ያላስገባኸው ፎልደር፣ ይባስ ብሎም ድራይቭ ሲ በሙሉ ተመዝግቦ ካገኘህ፣ ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ያንን ቦታ እያለፈው ነው። ብዙ ክራክ የሚሠራው ዲፌንደር ሲጠፋለት ወይም እንዲያልፈው ሲደረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መልሶ የሚያስተካክለው የለም። ምዝገባውን ብታጠፋውም በአድሚን ሥልጣን ሲገባ ምን እንደተከለ ማወቅ አይቻልም። እንደ አዲስ ጫነው።

ክራክም ላያስፈልግህ ይችላል። ላፕቶፑ ከሆም ጋር የተሸጠ ከሆነ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ አለ፤ ፕሮ ስለተጫነበት ነው ያልተቀበለው። ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ያዝ፤ በምታምነው ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱልን አውርደህ አዘጋጀው። ሰነዶችህን ብቻ ቅዳ፣ የፕሮግራም መጫኛዎችን ተዋቸው። የላፕቶፑን ፓርቲሽኖች (የዲስክ ክፍልፋዮች) በሙሉ ሰርዝና ሆም ጫን፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ቁልፍ ባይኖረው እንኳ ላይሰንስ እስክትገዛ ድረስ የሴኪዩሪቲ አፕዴት አይቋረጥበትም። የሚቀርብህ ዎልፔፐር እንደ መቀየር ያለ ነገር ነው።

ኬብል፦
ከርነል ያለው ትክክል ነው። እንደተጫነ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብተህ ሪስታርት እያደረግክ የሚወርድ እስኪያልቅ ድገመው። ዳታ ለመቆጠብ ዋይፋዩን ሚተርድ (ዳታው የተገደበ) ካደረግኸው አብዛኛው አፕዴት አይወርድም። የዕለት ሥራ በስታንዳርድ ዩዘር ይሁን፣ አድሚኑ ለመጫኛ ብቻ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባህ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን (ዲስኩን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የሚቆልፈው) ሳትነካው ሊበራ ይችላል። ባለ 48 አኃዙ ሪከቨሪ ኪ (መክፈቻ ቁልፉ) አካውንትህ ላይ ይቀመጣል፤ ዛሬውኑ አትመህ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጠው። ማዘርቦርድ ሲቀየር፣ አንዳንዴም ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ሲታደስ ይጠይቅሃል። ቁልፉ ከጠፋ ፋይሉን የሚያወጣልህ ጠጋኝ አታገኝም።

ስለ አንቲቫይረሱ፦ የሌላ ኩባንያ ስትጭን የዲፌንደር ቀጥታ ጥበቃ ራሱ ይጠፋል። ከፍለህ የማታድሰው ከሆነ ይቅርብህ።

ደብተር፦
አየሁት፣ ድራይቭ ሲ እንዳለ ተመዝግቧል። ነገ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ። ፍላሹስ?

ከርነል፦
ሴቲንግስ ውስጥ ኦቶፕሌይን (ፍላሽ ሲሰካ ራሱ የሚከፍተውን) አጥፋ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው፣ ከዚያ ሾው ብለህ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስንና ሂድን አይተምስን አብራ። ፎልደር መስሎ ዓይነቱ ሾርትከት የሚል ከሆነ አትክፈተው። እውነተኛው ፎልደር ተደብቋል፤ ሾርትከቱ የሚያስነሳው ቫይረሱን ነው። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ በዲፌንደር አስፈትሸው። ፎልደሩ አሁንም ካልታየ በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሳ፣ ሰነዶችህን አውጣና ፍላሹን ፎርማት አድርገው።